ኮምጣጣ ቢራ የተበላሸ ቢራ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሰሜን አሜሪካ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁ። ጸሐፊው በቤታቸው ቢራ የሚጠምቁትን፣ በተለይም ኮምጣጣና በፍራፍሬ የተቀመመ ቢራ የሚያዘጋጁትን፣ እንዲሁም በመደብር በቀላሉ የማይገኙ ጠርሙሶችን እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡትን ወገኖች አጥብቀው ይነቅፋሉ። የነቀፌታቸው ፍሬ ነገር አምስት ነው። ኮምጣጣ ቢራ የተበላሸ ቢራ ነው ይላሉ፤ ፍራፍሬውና ቅመሙ የብልሽቱ መሸፈኛ ነው ይላሉ፤ በቤት መጥመቅ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ዓይን ያጠፋል ይላሉ፤ ፈረንጆቹ በውድ ዋጋ የሚሸጡት፣ ላምቢክ የተባለው የቤልጂግ ኮምጣጣ ቢራ ስሙ የተለወጠ የእናቶቻችን ጠላ ነው ይላሉ፤ በመጨረሻም የጠርሙስ ልውውጡን ከጥቁር ገበያ ይቆጥሩታል።

እኔ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በቤቴ ምድር ቤት ኮምጣጣ ቢራ መጥመቅ ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ስላለፈኝ ነቀፌታው በቀጥታ የሚመለከተኝ ሰው ነኝ። ጸሐፊው ለወገን ጤናና ኪስ አስበው እንደ ጻፉ አልጠራጠርም። ሆኖም ካነሷቸው ነጥቦች አራቱ ስሕተት ናቸው፤ አምስተኛው ግማሹ እውነት በመሆኑ እውነቱን ሳልሸሽግ በቦታው እመለስበታለሁ።

ለሌሎቹ ሁሉ መሠረት የሆነው የመጀመሪያው ነጥብ መኮምጠጥንና መበላሸትን አንድ ያደርጋል። በእንጀራ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ክርክር ማንሣቱ ያስገርመኛል። በእርሾ የተቦካ የጤፍ ሊጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀመጥ የሚኮመጥጠው፣ ወተትም ረግቶ እርጎ የሚሆነው፣ ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ስለሚሠሩበት ነው፤ ኮምጣጣ ቢራን የሚያኮመጥጡትም የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው። በደንብ ሳይቦካ የተጋገረውን እንጀራ አፍለኛ እንለዋለን እንጂ የቦካውን ተበላሽቷል ብለን አንጥለውም። ከልክ ያለፈውንም ባለሙያዋ በሽታው ብቻ ትለየዋለች። ቢራ ጠማቂም የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው፦ አሲዱ የትኛው እንደ ሆነ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደ ደረሰ፣ ጠማቂው ፈቅዶት የመጣ ወይስ ሳይጠራ የገባ መሆኑን ይመረምራል።

ጸሐፊው በስም የጠቀሱት ላምቢክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ላምቢክ በብራስልስ ከተማና ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው ፓዮተንላንድ በተባለ የገጠር አካባቢ የሚጠመቅ ቢራ ነው። ሁለት ሦስተኛው ያህል የገብስ ብቅል፣ አንድ ሦስተኛው ያህል ደግሞ ያልበቀለ ስንዴ ይገባበታል። ከእህሉ የወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ለዓመታት ተቀምጦ መራራነቱን ባጣ ሆፕስ (እንደ ጌሾ ለቢራ መራራነት በሚሰጥ የተክል አበባ) ለሰዓታት ይፈላል፤ ከዚያም ሰፊና ጥልቀት በሌለው ክፍት ገንዳ ውስጥ ተደርጎ ሌሊቱን እንዲበርድ ይተዋል። ጠማቂው እርሾ አይጨምርም፤ ከአየሩ፣ ከጣሪያውና ከእንጨት በርሜሉ የሚመጡት ረቂቅ ሕዋሳት ሥራውን ይሠራሉ። ይህም የሚደረገው ከጥቅምት ማብቂያ እስከ መጋቢት ማብቂያ ገደማ ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ብቻ ነው፤ በበጋቸው ሌሊቱ ሞቃት ስለሚሆን የማይፈለጉት ሕዋሳት ይበዛሉና። ለብልሽት ደንታ የሌለው ሰው የዓመቱን ግማሽ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።

በበርሜሉ ውስጥ የሚሆነውም ነገር ሥርዓት አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአንጀት ባክቴሪያ ዘመዶች የሆኑ ሕዋሳት ይነሣሉ፤ አልኮሉና አሲዱ ሲጨምር ይሞታሉ። ቀጥሎ የተለመደው የቢራ እርሾ ለወራት ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ከዚያ ፔዲዮኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያኮመጥጠዋል፤ በዚህ ጊዜ ቢራው እንደ ተልባ ሊዝለገለግና ቅቤ ቅቤ ሊሸት ይችላል። በዚህ ደረጃ ቀድቶ የሚቀምሰው ሰው የጸሐፊውን ፍርድ ቢሰጥ አልፈርድበትም። ነገር ግን ከዚያ ብሬታኖማይሰስ የሚባለው እርሾ ይነሣና ዝልግልጉንም የቅቤ ሽታውንም ቀስ በቀስ እያጠፋ ያጠራዋል። ይህን እርሾ እ.ኤ.አ. በ1904 የዴንማርኩ ተመራማሪ ኒልስ ክላውሰን በካርልስበርግ ሆኖ ሰይሞታል፤ የእንግሊዝ ቢራ ላይ ስላገኘውም ስሙ የእንግሊዝ ፈንገስ ማለት ነው። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተቀላቅሎ በጠርሙስ ውስጥ እንደገና ሲብላላ ጌዝ የተባለው ቢራ ይገኛል። የተበላሸ ነገር እየዋለ እያደረ ይከፋል፤ ይህ ግን ሦስት ዓመት ቆይቶ ይጠራል።

በቤት ውስጥ የምንሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የፈጠነና በቁጥጥር ሥር ያለ ነው። ፈሳሹን ጥቂት አፍልቼ ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ አወርደዋለሁ፤ ለምግብ በሚሆን ላክቲክ አሲድ ፒኤቹን (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል) 4.5 ገደማ አደርሰዋለሁ፤ ከዚያ ላክቶባሲለስ የተባለውን አኮምጣጭ ባክቴሪያ ጨምሬ አየር እንዳይገባ እከድነዋለሁ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ፒኤቹ ወደ 3.3 ሲወርድ እንደገና አፈላዋለሁ፤ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መኮምጠጡም እዚያው ላይ ይቆማል። ሆፕስ የምጨምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሆፕስ መራራ አሲዶች ላክቶባሲለስን ስለሚያዳክሙ ቀድሞ ከገባ አያኮመጥጥም። እርሾውን የማስገባው ፈሳሹ ከበረደ በኋላ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ በሜትር ይለካል፣ በደብተር ይመዘገባል።

አሲዱ ቢራውን ከበሽታ አምጪ ተህዋስያን የሚጠብቀው መሆኑንም ጸሐፊው ሳያስተውሉት ቀርተዋል። ቦቱሊዝም የተባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ፒኤች ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አያድግም። ኮምጣጣ ቢራ በአብዛኛው በ3.0 እና በ3.6 መካከል ነው፤ አልኮሉ ሲጨመርበት ደግሞ ጥበቃው ይጠነክራል።

ይህን ስል የተበላሸ ኮምጣጣ ቢራ የለም ማለቴ አይደለም። በርሜሉ በደንብ ካልተሞላ ወይም ክዳኑ ካላሰረ ኦክስጅን ይገባል፤ በኦክስጅን የሚኖረው ባክቴሪያም አልኮሉን ወደ አቼቶ ይለውጠዋል። የላክቲክ አሲድ ኮምጣጣነት የእርጎ ዓይነት ለስላሳ ሲሆን፣ የአቼቶው ግን አፍንጫ ይመታል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። እኔ ራሴ የአሥራ አራት ወር ድካሜን በዚህ ምክንያት ደፍቻለሁ። ጠማቂ የሚደፋው ነገር መኖሩ ራሱ፣ ለእርሱ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ፍራፍሬ የጉድለት መሸፈኛ ነው የሚለው፣ ፍራፍሬ በቢራ ውስጥ ምን እንደሚሆን ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል። ቼሪ ወይም ኮክ በሚብላላ ቢራ ውስጥ ሲገባ እርሾው የፍሬውን ስኳር ይበላዋል። ጣፋጭነቱ ይጠፋል፤ የሚቀረው የፍሬው አሲድ፣ መዓዛውና የቆዳው ከርካሪነት ነው። ጉድለትን የሚሸፍነው ጣፋጭ ነገር ስለሆነ፣ ስኳሩ ተበልቶ ባለቀ ቢራ ውስጥ ጉድለት ይበልጥ ይጋለጣል። ጸሐፊው ከመደብር ገዝተው የቀመሱት ከመብላላት በኋላ ጣፋጭ ጭማቂ የተጨመረበት ዓይነት ከሆነ ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ግን እርሱና ክሪክ የተባለው ባህላዊ የቼሪ ላምቢክ ለየቅል ናቸው። ለክሪክ በአንድ ሊትር ቢራ 200 ግራም ያህል ኮምጣጣ ቼሪ ከነዘሩ ገብቶ ለወራት ይቀመጣል።

እውነተኛ ቢራ ገብስ፣ ሆፕስና ውኃ ብቻ ነው ለማለት የጀርመኗን የባቫሪያ ግዛት ድንጋጌ መጥቀሳቸውም ብዙ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1516 የወጣው ያ ድንጋጌ የአንድ ግዛት ሕግ ነበር። በዚያው በጀርመን፣ ከጎስላር ተነሥቶ በላይፕሲግ የታወቀው ጎዘ የተባለ ኮምጣጣ ቢራ እስከ ዛሬ በጨውና በድንብላል ይሠራል። ድንብላል በቢራ ውስጥ መግባቱ የትናንት የአሜሪካኖች ፈጠራ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ሕግንና ጤናን ይመለከታል። ሕጉ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የአልኮል ክልከላ ሲነሣ በቤት ወይን መጥመቅ ሲፈቀድ ቢራ ተዘንግቶ ቀረ። ይህ የታረመው ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ አንድ አዋቂ የሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ገደማ፣ ያለ ግብር መጥመቅ ተፈቅዶለታል። ዝርዝሩ ለየስቴቱ የተተወ በመሆኑ አላባማና ሚሲሲፒ እስከ 2013 ዘግይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሚከለክል ስቴት የለም። የተከለከለው መሸጥ ነው። የጠመቅሁትን አንድ ጠርሙስ እንኳ በገንዘብ ብሸጥ ሕግ ጥሻለሁ፤ ይህን ለጀማሪዎች ሁሉ አስረግጬ እናገራለሁ።

ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል የተባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት ነው። ሜታኖል በዋናነት የሚገኘው በፍራፍሬ ውስጥ ካለው ፔክቲን ሲሆን፣ ከእህል በተጠመቀ ቢራ ውስጥ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ፍራፍሬ በተጨመረበትም ቢሆን መጠኑ ወይንና የፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ካለው የተለየ አደጋ የለውም። በየአገሩ ሰዎችን ያሳወሩትና የገደሉት የተመረዙ መጠጦች ሜታኖል በባዕድነት የተቀላቀለባቸው ወይም ያለ ጥንቃቄ የተነጠሩ አረቄዎች ናቸው። አረቄ በቤት ማንጠር ደግሞ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ጸሐፊው ጠመቃንና ማንጠርን ባይቀላቅሉ ኖሮ ይህ ነጥብ ባልተጻፈ ነበር።

ስለ አደጋ ማስጠንቀቅ ከፈለጉ ግን በእርግጥ የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ እርሱን ሳያነሡት ቀርተዋል። በፍራፍሬ የተሠራ ቢራ ስኳሩ ሳያልቅ በጠርሙስ ከታሸገ መብላላቱ በውስጥ ይቀጥላል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ የቀረ 4 ግራም ስኳር ሲብላላ ከቢራው መጠን ጋር እኩል የሆነ ጋዝ ይሰጣል፤ ተራ የቢራ ጠርሙስ ደግሞ የቢራውን መጠን ሦስት እጥፍ ከሚያህል ጋዝ ብዙ የሚበልጥ እንዲችል አልተሠራም። እኔ በሁለተኛው ዓመቴ የቼሪ ቢራ ጠምቄ፣ የስኳር መለኪያው 1.008 ሲያነብ ቸኩዬ በቆርኪ አሸግሁት፤ ሊወርድ የሚችለው እስከ 1.002 እንደ ነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በዚያ ልዩነት ብቻ ሦስት እጥፍ ጋዝ ተጨመረበት። አንድ ሌሊት ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አከታትለው ፈነዱ፤ ስባሪው በሩ እንጨት ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። የዚያን ጊዜ ልጄ ዳዴ ትል ነበር፤ ቀን ሆኖ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ እስከ አሁን አይለቀኝም። ከዚያ ወዲህ መለኪያው ለሳምንታት አንድ ዓይነት ቁጥር ሳያሳይ፣ ብሬታኖማይሰስ ያለበት ከሆነም ለወራት ሳይረጋ፣ አንድም ጠርሙስ አላሽግም፤ የማሽገውም በወፍራም የሻምፓኝ ጠርሙስ ነው።

ወደ አራተኛው ነጥብ ልለፍ። ላምቢክ የእናቶቻችን ጠላ ነው የሚለው አባባል ብዙ አንባቢ እንዳስደሰተ አያለሁ፤ እኔንም ልቤን ነክቶኛል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥባቸው ኮምጣጣ ቢራን የተበላሸ ብለው፣ በአራተኛው ያንኑ ቢራ ጠላ ሲሉት፣ ሳያስቡት ጠላን የተበላሸ መጠጥ አድርገውታል። ሁለቱ ነጥቦች አብረው ሊቆሙ አይችሉም።

እናቴ ደብረ ብርሃን ጠላ ስትጠምቅ አይቻለሁ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውኃ ተደርጎ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ሲደርስ ከቂጣውና ከእንኩሮው ጋር ይደፈደፋል፤ ድፍድፉ ሲበስል ውኃ ይሞላበትና ጋኑ ይታፈናል። ከዚያ ጉሹ፣ ከዚያ የጠራው፣ በመጨረሻም ቅራሪው ይቀዳል። ሙያው እንደየአገሩ ይለያያል፤ በየትኛውም አገር ግን በቀናት፣ ቢዘገይ በሳምንታት ውስጥ የሚጠጣ ነው። እርሾውና ባክቴሪያው ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ይመጣሉ፤ ላምቢክ ደግሞ ሰዓታት ከፈላ በኋላ የሌሊት አየርና አሮጌ በርሜል የሚሰጡትን ተቀብሎ ዓመታት ይቆያል። መራራነቱን ጌሾ ይሰጣል እንጂ ሆፕስ አይደለም፤ ጢሱ ከወይራ ነው፤ ጥቁረቱ ከታመሰው እህል ነው። ከሁሉም በላይ የጠማቂዋ ዓላማ የተለየ ነው። ጠላው ኮምጥጦ ለእንግዳ ከቀረበ ባለቤቲቱ ታፍራለች፤ ብራስልስ ያለው ጠማቂ ግን ያልኮመጠጠ ላምቢክ ከቀዳ የሚያፍረው እርሱ ነው። አንዱ የሌላው ቅጂ ነው ማለት ለሁለቱም ሙያ ንቀት ይሆናል።

ጠላ የሚገባው ክብር በራሱ ስም መጠራት ነው። ባለፈው ዓመት በ20 ሊትር ኮምጣጣ ቢራ ውስጥ በሆፕስ ፈንታ 60 ግራም እንጨት ጌሾ አስገብቼ ነበር። መራራነቱ ከሆፕስ ይልቅ ምላስ ላይ ይቆያል፤ የእንጨት፣ የደረቅ ቅጠል መዓዛም ያመጣል። ለጓደኞቼ ሳቀርበው ጠላ አላልሁትም፤ ጌሾ የገባበት ኮምጣጣ ቢራ አልሁት። ጌሾ ምን እንደ ሆነ፣ ማን በምን እንደሚጠቀምበት ለማስረዳት ግን አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቶብኛል፤ ያ ምሽት በጣም ደስ ብሎኝ ያለፈ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የጠርሙስ ልውውጥ ነው፤ ግማሹ እውነት ነው ያልሁትም ይህንኑ ነው። በአሜሪካ ፖስታ ቤት ቢራ መላክ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ትልልቆቹ የግል ዕቃ አድራሾችም የሚቀበሉት ፈቃድ ካለው ላኪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የመስታወት ዕቃ ወይም የወይራ ዘይት ብሎ ጽፎ መላክ፣ በልውውጡ ዓለም የተለመደ ቢሆንም፣ ትክክል አይደለም፤ በዚህ ጸሐፊውን እደግፋለሁ። በርካሽ ገዝቶ በብዙ እጥፍ የሚቸረችረውንም አልከላከልለትም።

ነገር ግን ቸርቻሪውና ለዋጩ አንድ አይደሉም። እንዲያውም በቸርቻሪው ላይ ቀድመው የተነሡት ጠማቂዎቹ ራሳቸው ናቸው። በብራስልስ አንደርሌክት የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተው ካንቲዮን፣ ዝዋንዘ የተባለ በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጣ ቢራ አለው። ጠርሙሶቹ በኢንተርኔት በውድ መቸርቸር ሲጀምሩ፣ ከ2011 ጀምሮ ጠማቂው ዣን ቫን ሯ በተመረጡ ቤቶች በአንድ ቀን ብቻ ከበርሜል እየተቀዳ እንዲጠጣ አደረገ። በቬስትፍሌተረን የሚገኘው የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም መነኮሳትም ቢራቸውን የሚሸጡት ገዥው ለንግድ እንዳይሸጠው አስጠንቅቀው ነው። በ2018 አንድ የኔዘርላንድ ሱፐርማርኬት ገዳሙ በሁለት ዩሮ ገደማ የሚሸጠውን ጠርሙስ ወደ አሥር ዩሮ በሚጠጋ ዋጋ ሲያቀርብ በአደባባይ ተቃውመዋል፤ በቀጣዩ ዓመትም ቸርቻሪዎችን ለመከላከል የገዥውን ማንነት የሚመዘግብ የኢንተርኔት ሽያጭ ጀምረዋል።

ጸሐፊው ጠርሙሶቹ የጠፉት ሆን ተብሎ ዋጋ ለማስወደድ ነው ይላሉ። በሌሎች ቢራዎች ይህ አልፎ አልፎ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በጌዝና በክሪክ ግን እጥረቱን የፈጠረው ጊዜ ነው። ዛሬ ፈላጊ በዛ ብሎ ጠማቂው ምርቱን ቢጨምር እንኳ የሚሸጠው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ የሚጠምቀውም በቀዝቃዛው ወራት ብቻ ነው፤ በርሜሉም በየዓመቱ በትነት እየጎደለ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ጠርሙስ ብዙ ከተሞች ፈጽሞ አይደርስም። ቨርሞንት ያለ ሰው በደጁ የሚያገኘውን እኔ በሜሪላንድ አላገኘውም፤ እኔም በአቅራቢያዬ የማገኘውን እርሱ አያገኘውም። ልውውጥ የተወለደው ከዚህ ነው።

እኛ ስምንት ሰዎች ነን፤ ሦስታችን ኢትዮጵያውያን ነን። በየሁለት ወሩ አንድ ቅዳሜ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ከጉዞ የተመለሰ ሰው በሻንጣው ያመጣውን፣ ቤቱ የጠመቀም የጠመቀውን ይዞ ይመጣል። ፖስታ የለም፤ የገንዘብ ስም አይነሣም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዝነው ደንብ አንድ ነው፦ የመጣ ጠርሙስ ሁሉ እዚያው ማዕድ ላይ ተከፍቶ ለስምንታችን እኩል ይቀዳል፤ ታሽጎ ወደ ማንም ቤት አይመለስም።